ስሙ የማይጠራው የእጅ ዝላይ

የምሥራች! «ምሥር ብላ» በሉኝና ልቀጥል። ቀረ የተባለው አልቀረም! እርማችንን አውጥተን፣ «በቃ፣ የሆነው ሆኗል» ብለን የተውነው ነገር ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ጆሮ በሚቆርጠው የባሕር ነፋስ መሐል፣ ከተማው ሁሉ ቆሞ እያየ ነፍስ ዘራ። የማን የምሥራች ነው ለምትሉኝ፣ ትንሽ ታገሡኝ። ይህ ደስታ ብቻውን የሚላስ ማር አይደለም፤ ኮሶውን ቀድማችሁ ካልጠጣችሁት አይጥማችሁም። ኮሶው ደግሞ ብዙ ነው።

የምሥራቹ የዱጋልድ ፔቲግሩ ነው።

ዱጋልድ በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ክሬግዶን በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተወልደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ሥራቸው ለልጆች ጎልፍ ማስተማር ነው። ከትልቁ ሜዳ በስተደቡብ፣ አሸዋማው ጉብታ ላይ፣ ለልጆች የተተወች ትንሽ ሜዳ አለች፤ ባሕሩ በየብርዱ ወራት ከጫፏ እየገመጠ ይወስዳታል። ዱጋልድ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያች ላይ ነው። ዛሬ ሽበት ያወጣው ሥጋ ሻጭም፣ ደብዳቤ አመላላሹም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለውም ዱላ አያያዝ የተማሩት ከሳቸው ነው። ሚስታቸው ካትሪዮና በሕይወት ሳሉ «ይህ ሰው ልጅ አልወለደም፤ ከተማ ግን አሳድጓል» ይሉ ነበር።

የማስተማር ዘዴያቸው ለየት ያለ ነው። ሌላው አስተማሪ ልጁን ገና ከመጀመሪያው ዱላ አስይዞ «ምታ! አርቀህ ምታ!» ይለዋል። ዱጋልድ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ልጁን ጉድጓዱ ላይ በተተከለው ባንዲራ ሥር ያንበረክኩታል፣ ኳሷን ከጉድጓዱ አፍ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ «በጣትህ ግፋት» ይሉታል። ኳሷ ወድቃ ኳ! ስትል የልጁ ፊት ይበራል። «ይኸውልህ» ይላሉ ዱጋልድ፣ «ጨዋታው ይኼ ነው። ሌላው ሁሉ ወደዚህ የሚያመጣ መንገድ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ቀስ ብለን እንሄድበታለን።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ኳሷ አንድ እርምጃ ትርቃለች፤ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ እርምጃ። ልጁ ከጉድጓዱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሳያስበው ጎልፍ ተጫዋች ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ኮሶው ልምጣ። ስለዚያ ነገር ልናገር ነው።

ስሙን አልጽፈውም። ክሬግዶን ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም። በጎልፍ ክበቡ ውስጥ አምልጦት የጠራ ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቆቡን የኋላውን ወደ ፊት ያዞራል፣ እንደ እንግዳ አንኳኩቶ ይገባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኳሷን ከአሸዋ ጉብታ አሻግሮ ሸለቆ የሚያሳልፍ ሰው፣ ከጉድጓዱ አንድ ጫማ ርቀት ላይ ቆሞ፣ ሕፃን የማይስተውን ሊያስገባ ሲል እጁ ይዘልበታል። ከባሕር እንደወጣ ዓሣ ብድግ ይልበታል። ኳሷም ጉድጓዱን አልፋ ትሄዳለች። ሐኪም ቢያየው እጁ ጤነኛ ነው። ብርጭቆ ሲያነሳ አይዘልም፣ ስሙን ሲጽፍም አይዘልም። የሚዘለው እዚያች አጭር ሣር ላይ፣ ያቺን የማስገቢያ ዱላ ሲይዝ ብቻ ነው።

የክሬግዶን ሰው ደግሞ ይጋባል ብሎ ያምናል። ያየ ይይዘዋል ይላሉ። ስለዚህ ያ ነገር ያለበት ሰው ኳሱ ላይ ሲቆም አብረውት ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ያዞራሉ። ክፋት አይደለም፤ ቡዳ የሚፈራ ሰው ልጁን በነጠላው እንደሚሸፍን ማለት ነው። የሚሸፈነው ሰው ግን ምን እንደሚሰማው ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ለዱጋልድ የመጣባቸው ካትሪዮና ከሞቱ በኋላ በነበረው የበልግ ወራት ነው። ከሕፃንነት ጓደኛቸው ከታም ጋር ረቡዕ ረቡዕ ይጫወቱ ነበር። ታም የትልቁ ሜዳ ሣር አጫጅ ናቸው፤ ምላሳቸው ከማጨጃቸው የሰላ ነው። ዱጋልድ አጭሯን ምት ሊመቱ ጎንበስ አሉ፤ ቀኝ እጃቸው ዘለለ። ኳሷ ጉድጓዱን አልፋ ቁልቁለቱን ወረደች። ቀና ሲሉ የታምን ማጅራት አዩ።

«ታም፣ አየህ?»

«ምኑን?»

«እጄን።»

«እኔ መርከቧን ነው የማየው።»

«መርከብ የለም እኮ!»

«ታልፍ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ታም መርከብ ይጠብቁ ነበር። ዱጋልድም አንድ ቀን «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው መጫወት ተዉ። ታም ጉልበታቸው ደህና እንደሆነ ያውቃሉ። «ጉልበት መጥፎ ነው» ብለው ብቻ አለፉ።

የቀራቸው የልጆቹ ቅዳሜ ነበር። እሱን እንዳያጡ ብልሃት ፈጠሩ፤ አጭሯን ምት ራሳቸው አያሳዩም። «ኤልስፔት፣ አሳዪያቸው» ይላሉ።

ኤልስፔት የዓሣ ጥብስ ቤት ያላት የሞይራ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ፀጉሯን በጎማ የምታስር፣ ነገር የማታበዛ ልጅ። ባሕር መሐል በነዳጅ ማውጫ መድረክ የሚሠራ አባት ነበራት፤ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዱጋልድ የጀመሯት ገና ባንዲራው ከሷ ሲረዝም ነው። ስታድግ እጇ የሳቸው እጅ ሆነ፤ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ትሠራለች። የአውራጃው ሴት ልጆች ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ሲቃረብ መመረጧን የተጠራጠረ አልነበረም። ዱጋልድ በልባቸው አንድ ነገር ብቻ ይዘው ነበር፦ እኔ ባልጫወትም ይህች ልጅ ትጫወታለች። ዓለማቸው ሁሉ በዚህች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ኤልስፔት ከተወች እሳቸውም አለቁ ማለት ነው።

አንድ ካፊያ ቅዳሜ ላይ ፊንሌይ የሚባል አፉ የማያርፍ ትንሽ ልጅ ተነሣባቸው።

«ሁልጊዜ ኤልስፔት፣ ኤልስፔት! ሚስተር ፔቲግሩ፣ እርስዎ ራስዎ አይችሉም እንዴ?»

«አንተ አፈ ሰፊ፣ ዝም በል» አለችው አንዷ።

«አይችሉም! አይችሉም!»

ልጆች ናቸው፤ ተቀባበሉት። ዱጋልድ ሳቁ። ምን እንደገፋፋቸው እንጃ፣ ምናልባት ለቅቆኝ ይሆናል ብለው ይሆናል፣ ዱላውን ከኤልስፔት እጅ ወሰዱ። ጎንበስ አሉ። እጃቸው ዘለለ፤ ከበፊቱም ብሶ ዘለለ። ኳሷ ሣሩን ጨርሳ አሸዋ ውስጥ ገባች። ልጆቹ በሣቅ ተንከባለሉ፤ ሆን ብለው ሊያሥቋቸው የመቱ መስሏቸው ነው። ፊንሌይ «እንደገና! እንደገና!» አለ።

ኤልስፔት ብቻ አልሣቀችም። ፊቷንም አላዞረችም። አፍጥጣ የሳቸውን እጅ ታይ ነበር።

የውድድሩ ቀን በጎረቤት ከተማ ነበር። ዱጋልድ ተመልካቹን ከሚያግደው ገመድ ኋላ ቆመዋል። ኤልስፔት እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ስትመራ ቆየች፤ የቀራት አንዲት አጭር ምት ናት፤ ካስገባች ተመረጠች። ጎንበስ አለች። እጇ ዘለለ። ኳሷ አልፋ ሄደች። ተመልሳ መታች፤ ዘለለ። በገመዱ ዙሪያ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ፊቱን ሲያዞር ዱጋልድ አዩ። ያዩት የራሳቸውን እጅ በልጅ ክንድ ላይ ተተክሎ ነው። «እኔ ነኝ» አሉ በልባቸው። «በዓይኗ አስገባሁባት።» ልጅቷ እያለቀሰች ወደ ገመዱ ስትመለስ እሳቸው በቦታው አልነበሩም። ቀድሞ በሚሄደው አውቶቡስ ሄደው ነበር።

እንግዲህ ዱጋልድ ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ከክፋት አትቁጠሩባቸው። ሰው እንደ ባህሉ ነው የሚሳሳተው። እሳቸው የወረርሽኙ ምንጭ ነኝ ብለው ካመኑ፣ ከልጅ መራቅ ነው ያለባቸው። የትንሿን ሜዳ ቁልፍ ለታም ሰጡና ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ኤልስፔት መጥታ አንኳኳች። ዝናብ ይዘንባል። ዱጋልድ መጋረጃው ሥር ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ደግማ አንኳኳች። «ሚስተር ፔቲግሩ፣ እኔ ነኝ» አለች። በሩን ለመክፈት የተነሣውን እግራቸውን በእጃቸው ይዘው አስቀመጡት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ የደጃፉ ድንጋይ ላይ ውኃ ያቆረውን የጫማዋን ዱካ ብዙ ጊዜ አዩት።

ኤልስፔት ዱላዎቿን ከአልጋዋ ሥር ወረወረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ሱቅ ድንች መጥበስ ጀመረች። የልጆቹ ሜዳ ባዶዋን ከረመች። ታም አንዳንዴ በአጥር ላይ ብቅ እያሉ «ያ ፊንሌይ የሚሉት ልጅ ጠየቀኝ፤ ሽማግሌው ሞተ ወይ አለኝ» ይላሉ።

«ምን አልከው?»

«ገና ነው፣ እየተለማመደ ነው አልኩት።»

ዱጋልድ አልሣቁም። ታምም እያሳላቸው ሄዱ፤ ደረታቸውን የጀመራቸው ያኔ ነው።

ክሬግዶን ዓርብ ዓርብ ዓሣ ይበላል። ዱጋልድ ብዙ ዓርቦች ዳቦ በቺዝ ሲበሉ ከከረሙ በኋላ፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ኤልስፔት የምትሠራው ቅዳሜ ብቻ ነው ብለው ሞይራ ሱቅ ገብተው ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ ከመሸጫው መስኮት ኋላ የቆመችው ኤልስፔት ሆነች።

«ምን ልስጥዎት?»

«አንድ ዓሣ… ከድንች ጋር።»

«ጨውና ኮምጣጤ ይጨመርበት?»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ የሚበሉትን ታውቃለች። እንደ መንገደኛ ጠየቀቻቸው። ይኼኔ ሞይራ ከመጥበሻው ኋላ፣ ሽርጧን ይዛ ወጣች።

«ሚስተር ፔቲግሩ፣ ዓሣውን ከመውሰድዎ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም፣ ሞይራ።»

«ታዲያ በሩን ለምን ዘጉባት? መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይታለች እኮ! ‹እማ፣ አፈሩብኝ› እያለች ነው የከረመችው።»

«ሰው ይሰማል…»

«ይስማ!»

ዱጋልድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያስያዝኳት። እጄን አይታ ነው። ከራቅኋት ይለቃት ይሆናል ብዬ ነው።»

የሞይራ ንዴት ገንፍሎ አንቱታውን ከነሥሩ ነቀለው። «አስይዘሃት ከሆነማ አስይዘህ ትሸሻለህ? የታመመ ልጅ ብቻውን ይጣላል?» አለችና ያንን ስም ጠራችው። አዎ፣ ጠራችው! በሱቁ መሐል፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ የዓሣ ስም እንደምትጠራ አድርጋ። ሥጋ ሻጩ እጁ ሳያውቀው ቆቡን አዞረ። ሌላው ጫማውን ማየት ጀመረ። አንዱ አዛውንት ከኋላ «አንቺ ሴት፣ ውጪና አንኳኩተሽ ግቢ» አሉ።

«ቤቱ የኔ ነው! እርስዎ ይውጡና ያንኳኩ! ይኸው ጠራሁት፤ ጣራው ተናደ? ዘይቱ በረደ?»

ዘይቱ እየተንጨረጨረ ነው። ኤልስፔት ግን በመስኮቱ ኋላ አልነበረችም፤ የጓሮው በር ወለል ብሏል። ዱጋልድ ዓሣቸውን ትተው ተከተሏት። የዓሣ ሣጥኖቹ ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋሱ ሽርጧን ያራግበዋል።

«ዓሣዎ ይቀዘቅዛል» አለች ሳታያቸው።

«ይቀዝቅዝ። ያን ቅዳሜ እጄን አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«የያዘሽ ያኔ ነው፣ ልጄ።»

ኤልስፔት ቀና አለች። «አይደለም። ከዚያ በፊት ነበረብኝ። ሰው ፊት አይመጣብኝም ነበር፤ ብቻዬን ስለማመድ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ማንም የሚያየኝ አይኖርም ብዬ ፈራኋ! የእርስዎን እጅ ሳይ… ይቅር ይበሉኝና ደስ አለኝ። ብቻዬን አይደለሁም አልኩ። ከውድድሩ በኋላ የመጣሁት ይህንኑ ልነግርዎት ነበር።»

ዱጋልድ ሣጥኑን ተደግፈው ቆሙ። ያንን ሁሉ ወር በመጋረጃ ሥር ያሳለፉት፣ ልጅን ከክፉ እያዳንኩ ነው ብለው ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጦ ታያቸው፦ ያቺ ልጅ በዝናብ ቆማ የለመነችው መድኃኒት እሳቸው ራሳቸው ኖረዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሁለት ሰው አንዱ ከሌላው ሲደብቅስ ምን ይባላል?

«መድኃኒቱን አላውቀውም፣ ኤልስፔት» አሉ በመጨረሻ። «ላስተምርሽ የምችለው ነገር የለኝም።»

«አላውቅም ብለው በሩን ቢከፍቱልኝ ይበቃኝ ነበር።»

ይህቺ ንግግር እስካሁን ታማቸዋለች። ዱጋልድ ተቀምጠው ሲያስቡ ፊታቸው ድንገት ሲጨልም ካያችሁ፣ እሷን እያሰቡ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተአምር አድርጌ ባወራችሁ ደስ ባለኝ፤ አይደለም። ሁለቱ ባዶዋ የልጆች ሜዳ ላይ በብርድ ሲወጡ ከረሙ። እሷ ትመታለች፤ እጇ ይዘላል። እሳቸው ይመታሉ፤ ይዘላል። ዱላ አያያዝ ለወጡ፤ ግራ እጇን ከታች፣ ቀኟን ከላይ አደረገች። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። የሳቸው ግን በየትኛውም አልተፈታም። አንድ ከሰዓት ዱላቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው «የኔ አይለቅም፤ ይኸን ማወቅ አለብሽ» አሏት። «የኔስ?» አለች። «አላውቅም» አሉ። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ኳሷን እንደገና አስቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ተስማምተው ነበር፦ አንዱ ሲመታ ሌላው ፊቱን አያዞርም። የዘለለውን እጅ እስኪያርፍ ድረስ ያየዋል።

ዛሬ የከተማችን ልጃገረዶች ከጎረቤት ከተማ ጋር የሚገጥሙበት ቀን ነበር። ኤልስፔት ገባች። ከገባሁ እጄ አይዘልም ብላ ሳይሆን፣ ቢዘልም ልግባ ብላ። ዜናው ተሰምቶ ኖሮ ሰው አጥር ላይ እንደ ሰርገኛ ሞልቷል፤ የሞይራ ሱቅ እንኳ ተዘግቷል። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሁለቱ ልጆች እኩል ናቸው። ኤልስፔት ኳሷ ጋ ስትደርስ፣ አጥሩ ላይ ያሉት ወንዶች እንደ ልማዳቸው ወደ ባሕሩ መዞር ጀመሩ። ዱጋልድ ይህን አዩ። ቆባቸውን አወለቁና፣ ልጅቷ ገና ሳትጎነበስ፣ የልጆቹ ሜዳ ላይ እንኳ አውጥተውት በማያውቁት ድምፅ፦

«ወደዚህ ዙሩ!» አሉ። «ሁላችሁንም እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ። እንዲህ አላስተማርኳችሁም። እዩዋት!»

መጀመሪያ የዞረው ሥጋ ሻጩ ነው። ከዚያ አንድ ሌላ። ከዚያ ሁሉም።

ኤልስፔት ጎንበስ አለች። እጇ ዘለለ፤ ኳሷ አልፋ ሄደች። ማንም አልዞረም። ሄዳ ቆመች። ደግሞ ዘለለ። በሦስተኛው ገባች። ተሸነፈች ማለት ነው፤ በሌላዋ ልጅ ተበለጠች። እጇን ጨበጠቻት፣ ኳሷን ከጉድጓዱ አወጣች፣ ቀጥ ብላ ወደ ዱጋልድ መጣች።

«ሁለቴ ዘለለብኝ።»

«አየሁ።»

«ሁሉም አዩ?»

«ሁሉም አዩሽ።»

ልጅቷ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘችው። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ የነፋሱ ይሁን የሌላ እንጃ። «ለቅዳሜ ትንንሾቹን ልጥራቸው?» አለች። «ፊንሌይ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል።»

ዱጋልድ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የምሥራቹ ይኸው ነው! ኤልስፔት አልተወችም፤ ቅዳሜም ተመልሷል። እጃቸው አልዳነም፣ የተቆለፈው በር የወሰደው ጊዜም አይመለስም፤ ይህን እሳቸው ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ቢሆንም ቅዳሜ አለ!

ሁሉም ሰምቷል፤ ከአንድ ሰው በስተቀር። ታም ያ ሳላቸው ብሶባቸው ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ዕለት ዕለት እየከሱ ነው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ያለው ቃል አይናገሩም። ዱጋልድ ዛሬ ከልጃገረዶቹ ጋር ናቸውና የጠያቂው ተራ የኔ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ፤ «ሰዉ ወደየት ዞሮ ነበር?» ነው የሚሉኝ። አውቶቡሱ ከደወሉ ቤት ጥግ ሲታጠፍ ይታየኛል፤ ኮቴን እንኳ አልቆለፍኩም፤ በሉ ደህና ሁኑ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግራቸው ልድረስባቸው!